ለጓሳ ብርድ ቢላ ወይስ ባና?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። በታኅሣሥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መንዝ ጓሳ ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል። ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ ትልቅ የአደን ቢላ እንግዛ ወይስ የብርድ ልብስ በሚለው አልተስማማንም፤ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ቢላውን ተዉት፤ ሽንኩርት የምትከትፉበት ይበቃችኋል። ጓሳ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ስለሚበልጥ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ስለዚህ ልትፈሩት የሚገባው አውሬን ሳይሆን ነፋስና እርጥበት የተጨመረበትን ብርድ ነው። የጥጥ ጋቢ ደረቅ ሳለ ቢሞቅም፣ ጉም ወይም ላብ ካራሰው አያሞቅም፤ ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ በመጠኑ ሙቀት ይይዛል (የመንዝ ሰው በርኖስ የለበሰው ለጌጥ ብቻ አይደለም)። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ግዙ፤ የመሬቱ ቅዝቃዜ ከላይ ከሚመጣው ስለሚብስም ከሥራችሁ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ።

በዚያ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ፣ የምንጭ ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። የጓሳውን ሣር አትንኩ፤ ቡታ ጋዝ ያዙ። ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ በደረት ኪሳችሁ አኑሩ፤ ጣት ሲደነዝዝ አንዲት እንጨት መጫርም ስለሚያቅት፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት በግቢያችሁ ምድጃውን ማቀጣጠል ተለማመዱ። ጉም መንገዱን ከጋረደባችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ ፊሽካ ሦስት ጊዜ እየነፋችሁ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቁ።