አማትዎ አልተሳሳቱም፦ ስለ ቼክኛ ዘዬዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ቼክኛ ዘዬዎች ካርታ ካነሣሁ ወዲህ የደረሱኝን ደብዳቤዎች አሳጥሬ፣ የተመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ቼክኛ ስንት ዘዬ አለው?

በጥቅሉ አራት ቡድን፦ የቦሄሚያ (ፕራግ ያለችበት የምዕራቡ ክፍል)፣ የማዕከላዊ ሞራቪያ (ሃና የሚባለው አገር)፣ የምሥራቅ ሞራቪያና የሲሌዥያ (በሰሜን ምሥራቅ፣ በኦስትራቫ አካባቢ)። በየቡድኑ ውስጥ ሌላ ብዙ አለ።

የሞራቪያ ከተማ በሆነችው ብርኖ ውስጥ «ሻሊና» ሲሉ እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ትራም ነው።

በሃና ከተማ በኦሎሞውትስ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ሁለት ዓመት ሙሉ ቼክኛ ተምረዋል፤ የአማታቸው ንግግር ግን እስካሁን አይገባቸውም። ባለቤታቸውም «እናቴ የምትናገረው የተበላሸ ቼክኛ ነው» ብለው ነግረዋቸዋል። እውነት ነው ወይ?

አይደለም። «የተበላሸ» የሚለውን ቃል ከቤትዎ ያስወጡልኝ።

ሁለት ቃል ብቻ እንውሰድ፤ «ዱቄት» እና «ወፍጮ ቤት»። በትምህርት ቤት «ሞውካ» እና «ምሊን» ተብለው ተምረዋቸዋል። አማትዎ ግን ድምፁን ረዘም አድርገው «ሞካ» እና «ምሌን» ይላሉ። በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በጥንቱ ቼክኛ ዱቄት በሁሉም ዘንድ «ሙካ» ነበር፤ «ሙ» ረዥም ናት። ከ14ኛውና ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦሄሚያ ውስጥ ረዥሙ «ኡ» ወደ «ኦው»፣ ረዥሙ «ኢ» ደግሞ በብዙ ቃላት ወደ «ኤይ» ተለወጠ። ለውጡ ሃና ሲደርስ ሕዝቡ ተቀበለውና ቆይቶ እንደገና አዋሐደው፤ «ኦው» ረዥም «ኦ»፣ «ኤይ» ረዥም «ኤ» ሆኑ። ምሥራቅ ሞራቪያ ድረስ ስላልዘለቀ እዚያ ዛሬም «ሙካ» ነው። ሲሌዥያም «ሙካ» ይላል፤ ነገር ግን አናባቢውን አሳጥሮ፣ የንግግሩንም ጫና ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ አሳርፎ ነው።

ስለዚህ አማትዎ የራሱ ሥርዓት ያለው ለውጥ ወርሰዋል። ሥርዓት ስላለውም ሊማሩት ይችላሉ፦ «ኦው» ሲጠብቁ «ኦ»፣ ረዥም «ኢ» ሲጠብቁ «ኤ» ይስሙ። አይብ በመጽሐፍ «ሲር» ከሆነ በሃና «ሴር» ነው። በአንድ ወር ጆሮዎ ይለምዳል።

የመጽሐፉ ቼክኛስ ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። «ሞውካ» በሚለው አዲሱን ድምፅ ተቀብሎ «ምሊን» በሚለው አሮጌውን አስቀርቷል። ምክንያቱም በ1809 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ዮሴፍ ዶብሮቭስኪ ያሳተመው ሰዋስው የተመሠረተው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጻሕፍት ቋንቋ ላይ ነው። ፕራግ ውስጥ «ምሌይን» የሚል ሰውም መጽሐፉን አልተከተለም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሳለሁ የአያቴን አነጋገር ይዤ ትምህርት ቤት ገብቼ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሎቻቸውን አንድ በአንድ ከአፌ አስወጣኋቸው። አያቴ ሲያርፉ የጻፍሁት አንድ ቃል እንኳ አልነበረኝም። እባክዎ፣ አማትዎን አስፈቅደው ድምፃቸውን ይቅዱ፤ ስለ እርሻ፣ ስለ ወጥ ቤት፣ ስለ ልጅነታቸው ይጠይቋቸው። ባለቤትዎም አብረዋችሁ ይቀመጡ።

ድንች ለምን ይህን ያህል ስም አለው?

ከሩቅ የመጣ እንግዳ ስለሆነ እያንዳንዱ አካባቢ በደረሰበት መንገድ ሰየመው። መደበኛው «ብራምቦር» ከጀርመኑ አገር ከብራንደንቡርግ ስም የመጣ ነው። በሞራቪያ ብዙ ቦታ «ዜማኪ» ይባላል፤ «ዜም» ምድር ነውና። «ኤርቴፕሌ» የጀርመንኛው «የምድር ፖም» ነው። ወደ ኦስትራቫ በኩል ደግሞ «ኮብዞሌ» ይሉታል። እነዚህን ስሞች ካርታ ላይ ስታስቀምጧቸው ወሰናቸው ከ«ሙካ» እና ከ«ሞውካ» ወሰን ጋር አይገጥምም። እያንዳንዱ ቃል የራሱ መንገድ አለው።

ሞራቪያኛ ቋንቋ ነው ወይስ ዘዬ? (ሦስት ደብዳቤ፣ ሁለቱ በቁጣ የተጻፉ)

የትኛው ሞራቪያኛ? የሃናው ሰውና የምሥራቁ ሰው አንድ ዓይነት አይናገሩም፤ የምሥራቁ ወደ ስሎቫክኛ ይቀርባል። በ2011 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ከ60,000 በላይ ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን «ሞራቪያኛ» ብለው አስመዝግበዋል፤ ያ የማንነት ቃል ነው፣ አከብረዋለሁ። ካርታው ግን የሚያሳየው የድምፅና የቃል ልዩነትን ነው። ይህን ክርክር በካርታ ልትፈቱት አትችሉም።

የቼክ አገር የድንበር አካባቢ ለምን የራሱ የቆየ ዘዬ የለውም?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከዚያ ተባረሩ። በምትካቸው ከመሀል አገር፣ ከስሎቫኪያና ከውጭ የመጡ ሰዎች ሰፈሩ። የሁሉም አነጋገር ተደባልቆ ልጆቻቸው ወደ ጋራው ቼክኛ ተጠጉ። የዘዬ ወሰን እንዲሰመር ትውልዶች በአንድ ቦታ መቀመጥ አለባቸው።

በሥራ ቦታ አነጋገሬን እንዴት ላስተካክል?

ጥሩ የቋንቋ መምህር ይጠይቁ።

ፕራግ የሚማር ወጣት ለመመረቂያ ጽሑፉ በስልክ መጠይቅ፣ በአንድ ክረምት የመላ አገሩን የዘዬ ካርታ መሥራት ይፈልጋል።

አይሆንም ወንድሜ። የቼክኛ የቋንቋ አትላስ (የዘዬ ካርታዎች መጽሐፍ) ሠሪዎች ከ1964 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. መንደር ለመንደር ዞረዋል፤ 420 መንደሮች፣ ከ2,500 በላይ ጥያቄዎች። አምስቱ ቅጾች ከ1992 እስከ 2005 ወጡ፣ ተጨማሪውም በ2011። በዚያው ተወልደው ያደጉ ሽማግሌዎችን ፈልገው፣ ዕቃውን አሳይተው ወይም ሥራውን ገልጸው ስሙን ይጠብቁ ነበር። «ዱቄት በእናንተ ምን ይባላል?» ብለህ በስልክ ብትጠይቅ ሰው በትምህርት ቤት የተማረውን ይመልስልሃል፤ የአናባቢውን ርዝመትም ከጽሑፍ መልእክት አትሰማውም።

አንድም መጠይቅ ሳትልክ ብርኖ ሂድ። የቼክ የሳይንስ አካዳሚ የቼክኛ ቋንቋ ተቋም የዘዬ ጥናት ክፍል እዚያ ነው፤ በአክብሮት ጽፈህ ቀጠሮ ያዝ። ይህን እንደ ዘበት አትየው፣ ከአማካሪህ ቀጥሎ የሚያስፈልጉህ እነርሱ ናቸው። አትላሱም በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከአትላሱ መንደሮች አንዱን ምረጥ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ያዝ፣ በአካል ሄደህ አዳምጥ፤ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች በዚያ ዘመን ልጆች ነበሩ። የአያቶቻቸው ትውልድ መልስ በካርታው ላይ ተመዝግቧል፤ የእነርሱን አምጣና ከጎኑ አስቀምጠው።