ሰርጉ ውጭ አገር ነው፤ እንግዳው ምን ያድርግ?

ውጭ አገር የሚደገስ ሰርግ ላይ የተጠሩ አንባቢዎች ጥያቄ ተጠራቅሟል። ዛሬ ለተወሰኑት እመልሳለሁ።

የሰርግ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትክተተው ወይስ በእጇ ትያዘው የምትል አለች።

በእጅሽ ያዢው። ሻንጣ ቢጠፋ ሰርጉ አይጠብቅሽም።

አንዱ የአክስቱ ልጅ ጣሊያን ውስጥ ልታገባ ሁለት ወር ተኩል ቀርቷታል። ርካሽ ቲኬት አግኝቷል፤ ከተሰረዘ ግን ገንዘቡ አይመለስም። ቪዛው መቼም አይቀርም፣ ቲኬቱ ሳያመልጠኝ ልቁረጠው ወይ ይላል።

አትቁረጥ። ቪዛው አይቀርም የሚልህ ሰው ከራሱ አውጥቶ ነው የሚያወራው። ጣሊያን የምትገባው በሼንገን ቪዛ ነው፤ ይህ ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚሠራ አንድ ቪዛ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ውሳኔው በደንቡ መሠረት በ15 ቀን ይሰጣል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ለቀጠሮ የምትጠብቀው ጊዜ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። አሁን ቁጠረው፤ ሁለት ወር ተኩል ብዙ አይደለም።

ለማመልከቻው ብዙ ጊዜ የበረራ ቦታ መያዝህን የሚያሳይ ወረቀት ይበቃል፤ የተከፈለበት ቲኬት አይጠየቅም። ሆቴልም ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ያዝ። ፓስፖርትህን ዛሬውኑ ገልጠህ እይ። ከወጣ 10 ዓመት ያላለፈው፣ ከምትመለስበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ሁለት ባዶ ገጽም ያስፈልገዋል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ከሙሽሮቹ የግብዣ ደብዳቤ አስልክ፤ የሰርጉ ቀንና ቦታ፣ አንተ የምታድርበት አድራሻ ይኑርበት። ስምህ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ከሰርጉ በኋላ ከሼንገን አገሮች ወጥተህ የምትመለስ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቅ።

ሙሽሮችም ይህን ካነበባችሁ እለምናችኋለሁ። ቪዛ ለማያስፈልገው እንግዳ ሁለት ወር ይበቃው ይሆናል። ለሚያስፈልገው አይበቃውም። ጥሪውን ለሁሉም በአንድ ቀን ስትልኩ ለአንዱ በሩን ዘግታችሁበት ሊሆን ይችላል። ቪዛ የሚያስፈልጋቸውን ለዩና አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የግብዣ ደብዳቤውንም እስኪለምኗችሁ አትጠብቁ። በየሳምንቱ ቪዛ የተከለከሉ ሰዎች ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ የአብዛኞቹ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሙሽሮቹ የመረጡት ሆቴል ከአቅሟ በላይ የሆነባት እንግዳ ሌላ ቦታ ባድር ይቀየሙኛል ወይ ብላለች።

አይቀየሙሽም፤ ከተቀየሙም አንቺ አላጠፋሽም። ግን መጀመሪያ ለእንግዶች የተያዘ የቅናሽ ዋጋ መኖሩን ጠይቂ። እንዲህ ያለው ዋጋ የመጨረሻ ቀን አለው፤ ካለፈ ክፍሎቹ ለሌላ ሰው ይለቀቃሉ። ሌላ ቦታ ከያዝሽ ማታ ድግሱ ሲያልቅ በምን እንደምትመለሺ ቀድመሽ ጨርሺ። ሰርጉ ሁሉም ነገር በአንድ ክፍያ በሚጠቃለልበት ሪዞርት ከሆነ ደግሞ ውጭ ያደረ እንግዳ ለመግቢያ ሊከፍል ይችላል። ደምሪው። አንዳንዴ ርካሹ ክፍል ይበልጥ ውድ ይሆናል።

ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች በመቁረጥ ገንዘብ ያተረፈ አንባቢ በመሃል አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ፣ ይበቃኛል ወይ ይላል።

አይበቃህም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም። ሻንጣህን አውጥተህ እንደገና ማስመዝገብም ሊኖርብህ ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ የትራንዚት አገሩ ቪዛ ይጠየቅ ይሆናል። የጉዞ ወኪል አነጋግር።

አንዲት ነፍሰ ጡር ሰርጉ ሲደርስ 33ኛ ሳምንቷ ላይ ትሆናለች። ደህና ነኝ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለምን ያስፈልገኛል ትላለች።

ያስፈልግሻል፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንድ ልጅ ለያዘች ከ36ኛው፣ መንታ ለያዘች ደግሞ ቀደም ብሎ ከ32ኛው ሳምንት በኋላ ማሳፈር ያቆማሉ። የሚቆጠረው የመሄጃሽ ቀን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ መመለሻሽም ነው። ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ እርግዝና ደግሞ ያንኑ አደጋ ያብሰዋል። ኢንሹራንስሽ ድንገተኛ ወሊድን መሸፈኑን በጽሑፍ አረጋግጪ። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የምትከታተልሽን ሐኪም አማክሪ። እሷ ይቅርብሽ ካለች ይቅርብሽ።

እናቱ ለሕመም ትራማዶል ይወስዳሉ፣ ሰርጉ ዱባይ ነው ያለው ልጅ ደግሞ የሐኪም ማዘዣ ብቻ ይበቃል ወይ ብሏል።

ማዘዣው ብቻውን አይበቃም። ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን የሚባለው ሌላው የሕመም ማስታገሻ እዚያ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ይዞ ለመግባት ከጉዞው በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐኪማቸው ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ መድኃኒቱም ከነማሸጊያው በእጅ ቦርሳቸው ይሁን።

የመጨረሻዋ የቅርብ ጓደኛዋ ሰርግ ላይ ለመገኘት ብድር ልትወስድ ነው። መቅረት አሳፍሯታል።

አትበደሪ። ጓደኛሽ ለያንዳንዱ እንግዳ ወንበርና ክፍል እየቆጠረች ስለሆነ አሁን ብትነግሪያት ይጠቅማታል፤ በመጨረሻው ሳምንት ብትነግሪያት ግን ትጎጂያታለሽ። በመልእክት ሳይሆን ደውለሽ ንገሪያት። ምክንያቱንም አትፍጠሪ፤ ገንዘቡ እንደሌለሽ በግልጽ ንገሪያት። ስትመለስ ቤትሽ ጠርተሽ ፎቶዎቹን አብራችሁ እያያችሁ ታወራልሽ።