ሶቨሪን ሂል መግባት ያዋጣል ወይ?

ከሜልቦርን ከልጆችዎ ጋር የቀድሞ የወርቅ ከተማ ወደሆነችው ባላራት ለአንድ ቀን ሲሄዱ ለሶቨሪን ሂል የመግቢያ ዋጋ መክፈል ያዋጣል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከልጆች ጋር ከሆነ፣ አዎ። ለአዋቂ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እዚያው ባላራት ሊዲያርድ ጎዳና ላይ የወርቁ ሀብት ያቆማቸውን ሕንፃዎች በነፃ ማየትን አስቀድም ነበር።

ሶቨሪን ሂል የ1850ዎቹን የወርቅ ፈላጊዎች ከተማ መልሶ ያቆመ መንደር ነው፤ የተከፈተው በ1970 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። የመሬት ውስጥ ዋሻውንና ወርቅ ቀልጦ ሲፈስ የሚታይበትን ቤት በጠዋት ይጨርሱ፤ ልጆቹ አንዴ ወንዙ ዳር ከደረሱ አይነሱልዎትም። አሸዋውን በሳህን ከውሃ ጋር ሲያሽከረክሩት ቀላሉ እየፈሰሰ ይወጣል፣ ከባዱ ከሥር ይቀራል። ከጥቁሩ ደለል መካከል ከስኳር ቅንጣት ያነሰች ቢጫ ነገር ብልጭ ካለች የእነርሱ ናት። ቅያሪ ካልሲ እንዳይረሱ።

ጊዜ ከተረፈዎት ዩሬካ ማዕከል የተባለው ሙዚየም ይግቡ። በዲሴምበር 1854 የወርቅ ቁፋሮ ፈቃድ ክፍያ ያስመረራቸው ቆፋሪዎች ከመንግሥት ወታደሮች ጋር የተዋጉት እዚያው አካባቢ ነው። የዌንዱሪ ሐይቅ ለሽርሽር ጥሩ ነው፤ የ1956 ኦሊምፒክ የቀዘፋ ውድድር የተካሄደበት ነው። ብርዱ ግን ከሜልቦርን ይብሳልና ወፍራም ጃኬት ይያዙ።

እራት? የመልሱ ባቡር የሜልቦርን ሰፈር በሆነችው ፉትስክሬይ ያልፋልና እዚያ ወርደው እንጀራ ይብሉ።