ሥዕሉን ማሽኑ ከሠራው እኔ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ግራፊክስ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እሥላለሁ። አሁን አሁን ግን ደንበኞች ሥዕሉን በስልካቸው በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አሠርተው ይመጡና «ጽሑፉን ብቻ አስተካክይልን» ይሉኛል። ሥዕል ትቼ ኮዲንግ ልማር? ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ጽሑፉን ብቻ» መባሉ እንዳናደደሽ ገብቶኛል። ግን ደንበኛው ሳያውቀው ማሽኑ የት ላይ እንደሚሰንፍ እየነገረሽ ነው። ምስል ፈጣሪዎቹ ፕሮግራሞች የሠለጠኑት ከኢንተርኔት በተለቀሙ ምስሎችና መግለጫዎቻቸው ነው፤ የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ ያለው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያወጡትን «እንኳን አደረሳችሁ» አጉልተሽ እዪው፦ አናቱ የ«መ»፣ እግሩ የ«ለ» የሆነ፣ የትኛውም የፊደል ገበታ ላይ የሌለ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ታገኛለሽ። «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ጭረት ለእኛ ድምፅ ናት፣ ለማሽኑ ጌጥ። እርማቱን እንደ ውለታ አትሥሪው፤ ከአለቃሽ ጋር ተነጋግራችሁ ለብቻው ዋጋ አውጡለት።

ይህ ክፍተት ግን እየጠበበ ነው፣ ኑሮሽን በፊደል ስህተት ላይ ብቻ አትመሥርቺ። የማይጠብበው የማሽኑን ሥራ አይቶ ምን እንደጎደለው፣ ለምን እንደጎደለው የሚናገር ዓይን ነው። በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች አሉ። ሠዓሊው ሃሮልድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሮን የተባለ የሚሥል ፕሮግራም መጻፍ ጀምሮ በ2016 እስኪሞት ድረስ አብሮት ሠርቷል። አርቲስቷ አና ሪድለር ደግሞ 10,000 ገደማ የቱሊፕ አበባ ፎቶዎችን ራሷ አንስታ በእጅ ጽሑፏ መግለጫ ሰጠቻቸው፤ ማሽን ማሠልጠኛው ስብስብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጥበብ ሥራ ሆነ። በዚያው ዓመት የኮምፒውተር ተመራማሪዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ ከሌላዋ ተመራማሪ፣ ከአዲስ አበባ ልጅ ከትምኒት ገብሩ ጋር ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞችን ፈተሹ፦ በጠቆረ ቆዳ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ በነጣ ቆዳ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ አልዘለለም። ቡኦላምዊኒ ጥናቱን አሳትማ አልተቀመጠችም፣ በግጥምም አቀረበችው።

እንግዲህ ያንቺ ቱሊፕ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ሂጂ። ዓሣ አጥማጆቹን አስፈቅደሽ አንሺ፤ እምቢ ያለሽን ተዪው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎቶ በአማርኛ መግለጫ ጻፊ። «ዓሣ» ብለሽ አትለፊው፦ ቆሮሶ ነው አምባዛ? መረብ ላይ ነው ወይስ ተልጦ? አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ያንኑ መግለጫ ለማሽኑ ስጪውና ያወጣውን ከፎቶሽ ጎን አስቀምጪ። ወፉ ሌላ አገር ወፍ ሊሆን ይችላል፣ ሐይቁም ባሕር። ስህተቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፊ፣ ቀጥሎ ትዕይንቱን በእጅሽ ሣይው። ሐያ እንዲህ ያሉ ገጾች ያሉት ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ) ይዘሽ የማስታወቂያ ድርጅት ብትሄጂ፣ «ፎቶሾፕ እችላለሁ» ከሚል ሲቪ የበለጠ ያስወራሻል። ንድፎችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ፍርድ ቤት ሰው እጁን ያላስገባበት፣ ማሽን ብቻውን የሠራው ምስል የቅጂ መብት የለውም ብሏል፤ የውጭ ደንበኛ ቢመጣ የእጅሽን ድርሻ ማሳየት ያስፈልግሻል።

ኮዲንጉን በተመለከተ፣ አሁንም ክፍት ከሆነ፣ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በተባለው አገር አቀፍ የኦንላይን ሥልጠና በነፃ ከሚሰጡት ኮርሶች የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መግቢያውን ማታ ማታ ውሰጂ። ፕሮግራመር እንድትሆኚ አይደለም፤ ማሽኑ ከምን እንደተማረ መጠየቅ እንድትችዪ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም የትም አይሄድም። ዘንድሮ ሥራ ለቀሽ አትሂጂ፤ ሐያውን ገጽ ጨርሰሽ አመልክቺ።