የአንባቢያን ጥያቄና የፋርማሲስቱ መልስ፦ ስለ ቆዳ ቅባት፣ ስለ አንቲባዮቲክና ስለ አለርጂ መድኃኒት

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በጉዳይ ቢለያዩም አብዛኞቹ የሚጠይቁት የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ነው። ለዚህ መልስ የሚገኘው ሕመሙ ምን እንደሆነ ከተለየ በኋላ ስለሆነ፣ በየመልሱ መጀመሪያ ሕመሙን የሚያስለዩትን ምልክቶች፣ ከዚያም መድኃኒቱን አንሥቻለሁ። ደብዳቤዎቹ አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት ብሽሽቴ ላይ ክብ ቅርጽ ያለውና የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣብኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እርሱን ያዳነውን ቅባት ሰጠኝና ማሳከኩ በሁለት ቀን ጠፋ። መቀባቱን ሳቆም ግን ይመለሳል፤ ስቀባ ይጠፋል፤ እንዲህ እያለ አሁን ወደ ጭኔ ወርዶ ሰፍቷል። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞልና ጀንታማይሲን የሚሉ ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። ከዚህ የሚበረታ ቅባት ካለ ቢጠቁሙኝ።

መልስ፦ ከዚህ የሚበረታ ቅባት ቢጨምሩበት ሕመሙን ያብሱታል እንጂ አያድኑትም። የገለጹት ሽፍታ ጭርትን፣ ማለትም በፈንገስ የሚመጣ የቆዳ ሕመምን ይመስላል። በቱቦው ውስጥ ካሉት ሦስት መድኃኒቶች ፈንገስን የሚያጠቃው ክሎትሪማዞል ብቻ ነው። ቤታሜታዞን ኃይለኛ ስቴሮይድ ሲሆን መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል፤ ፈንገሱን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ቆዳው ፈንገሱን የሚከላከልበትን አቅም ስለሚያዳክም እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍትለታል። ጀንታማይሲን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ለጭርት ፋይዳ የለውም፤ ያለ ምክንያት ሲቀባ ባክቴሪያዎች እንዲለምዱት ያደርጋል፣ በአንዳንድ ሰው ላይም ራሱ የቆዳ አለርጂ ያስነሣል።

ብዙ ሰው የሚታለለው በዚያ የሁለት ቀን እፎይታ ነው። ጭርት በተለመደው መልኩ ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚቀረፈፍ፣ መካከሉ ጠራ ያለ ክብ ነው፤ ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲቀባበት ግን ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቅርፊቱ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ትናንሽ ብጉር መሰል እብጠቶች ይወጡበታል። ሐኪሞች ይህንን መልኩን የለወጠ ጭርት ቲኒያ ኢንኮግኒቶ ይሉታል፤ ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በዓይን ብቻ አይቶ ለመለየት ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ቱቦውን ይዘው ይሂዱ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀቡትም ሳይደብቁ ይናገሩ። ከሽፍታው ጠርዝ ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገስ መኖር አለመኖሩ ይታወቃል።

እስከዚያው ቅባቱን ያቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቅላቱና ማሳከኩ ሊብስ ይችላል፤ ይህም ስቴሮይዱ ሸፍኖት የነበረው እብጠት ሲገለጥ የሚሆን ስለሆነ ወደ ቱቦው እንዲመለሱ ሊያደርግዎ አይገባም። ጭርቱ ገና ትንሽና አዲስ ቢሆን ኖሮ ተርቢናፊን የተባለው ባለ 1 በመቶ ክሬም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት፣ አለዚያም ስቴሮይድ የሌለበት ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ሽፍታው ከሚታይበት ጠርዝ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አልፎ እየተቀባ በአብዛኛው ይበቃ ነበር። የእርስዎ ግን ሰፊ ቦታ ስለያዘና ስቴሮይድ ስለቆየበት የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እርሱን የሚወስነው ጉበትዎን፣ ልብዎንና ሌሎች የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች የሚጠይቅ ሐኪም ነው። ኬቶኮናዞል የተባለው እንክብል ቢቀርብልዎ አይቀበሉ፤ በጉበት ላይ በሚያደርሰው ከባድ ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓና የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለቆዳ ፈንገስ እንዳይውል አስጠንቅቀዋል። በሻምፑና በክሬም መልክ ያለው ኬቶኮናዞል ይህ ችግር የለበትም። የእግርዎን ጣቶች መካከልም ይመልከቱ፤ የብሽሽት ጭርት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነውና እግርዎ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል።

ብሽሽት፣ ብብትና ፊት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ስቴሮይድን ከሌላው የሰውነት ክፍል የበለጠ ይመጥጣሉ። በብሽሽት ላይ የሚቀሩት ሸንተረር መሰል መስመሮች አይጠፉም፤ ፊት ላይ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፤ በዐይን ሽፋን ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቀባም የዐይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ፊታቸውን ለማቅላት የሚቀቡት አንባቢዎች ይህን አንቀጽ ደግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በሌላ በኩል ስቴሮይድን ሁሉ እንደ መርዝ መፍራትም ስሕተት ነው፤ ለችፌ ተገቢው መድኃኒት እርሱ ነው፣ በፍርሃት ስስ አድርገው የሚቀቡ ሰዎች ሕመማቸውን ያራዝማሉ። መጠኑን ለመለካት ከአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቱቦው የወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህም ጣቶችን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳ ይበቃል። ሦስት መድኃኒት ባንድ ቱቦ የያዘ ቅባት በእውነት የሚጠቅመው ሕመምተኛ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ብጠየቅ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ አደርግ ነበር።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ጉሮሮዋን ያማታል፣ ታስላለች፣ ንፍጧም ወደ አረንጓዴ ተለውጧል። ባለፈው ወር ለታላቅ ወንድሟ ከታዘዘው አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ግማሽ ጠርሙስ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተርፏል። ልስጣት?

መልስ፦ አይስጧት፣ ጠርሙሱንም ወደ ፋርማሲ መልሰው ያስወግዱት። በውኃ የተበጠበጠ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ኃይሉን የሚጠብቀው እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው፤ መጠኑም የተሰላው በወንድሟ ክብደት ነበር።

የንፍጥ አረንጓዴ መሆን ባክቴሪያ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቀለሙ የሚመጣው ከነጭ የደም ሕዋሳት ነው፣ በተራ ጉንፋንም ይታያል። ሳል፣ የንፍጥ መፍሰስና የድምፅ መጎርነን ከጉሮሮ ሕመም ጋር አብረው ሲታዩ መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይገድልም። በተቃራኒው ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ ነጭ መግል የታየበት ቶንሲልና ሲነካ የሚያም የአንገት ንፍፊት ካለ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ መጠርጠር ይገባል። ጉሮሮአቸውን ከሚያማቸው አሥር ልጆች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ይህ ባክቴሪያ ይገኝባቸዋል። ከተረጋገጠ ሐኪሙ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን በብዛት ለ10 ቀን ያዛል፤ ሳይታከም ቢቀር ልብን የሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ስለሚችል ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ደህና ብትሆንም መድኃኒቱ አይቋረጥም። ግማሽ ጠርሙስ ለዚህም አይበቃም።

ለአሁኑ ፓራሲታሞል ለትኩሳቱም ለሕመሙም ይሆናል። መጠኑ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። የፓራሲታሞል ሽሮፖች ጥንካሬ እንደሚለያይ ልብ ይበሉ፤ አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 250 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያነቡ በወጥ ቤት ማንኪያ አይለኩ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። መተንፈስ ካስቸገራት፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ከአፏ ከፈሰሰ፣ ወይም አፏን መክፈት ከከበዳት ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። ልጅ ሳለሁ ፔኒሲሊን ተሰጥቶኝ ሽፍታ እንደወጣብኝ ወላጆቼ ነግረውኛል፤ ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ስለምል ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም አዚትሮማይሲን ይሰጡኛል። በዚሁ መቀጠሌ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይህ በፋርማሲ መስኮት በየቀኑ የምሰማው ዓረፍተ ነገር ነው። ከመቶ ሰው አሥሩ ያህል የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ይላል፤ በባለሙያ ሲመረመሩ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ፔኒሲሊንን ያለ ችግር ይወስዳሉ። ምክንያቱ ብዙ ነው። በልጅነት የሚወጣው ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተሰጠበት ቫይረስ ራሱ ነው፤ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ አለርጂ አይደሉም፤ እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸው ሰዎች ጭምር ከአሥር ዓመት በኋላ ከአምስቱ አራቱ ያህሉ አለርጂው ይለቃቸዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው በምትኩ ከሚሰጥዎ መድኃኒት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ጅማት ሊበጥሱ፣ ነርቭ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ዕድሜው ከ60 ዓመት ባለፈና ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ እያለ ለሳይነስ፣ ለብሮንካይትስና ላልተወሳሰበ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዙ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ቡድን ሲከፍል ከፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሲሲሊንን በመጀመሪያ ምርጫነት፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና አዚትሮማይሲንን ግን በጥንቃቄ ሊጠበቁ በሚገባቸው ቡድን ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

ለሐኪምዎ «አለርጂ አለብኝ» ብቻ ከማለት የሆነውን ይንገሩት፦ ስንት ዓመትዎ ነበር፣ ሽፍታው መድኃኒቱ በተሰጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው ወይስ ከቀናት በኋላ የወጣው፣ ከንፈር ወይም ምላስ አብጦ ነበር ወይ፣ መተንፈስ አስቸግሮ ነበር ወይ። ሽፍታ ብቻ ከነበረና ብዙ ዘመን ካለፈው፣ በሕክምና ተቋም ውስጥ በክትትል የሚሰጥ አንድ የሙከራ መጠን ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል። ቆዳው ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ አፍና ዐይን ከቆሰሉ ግን መሞከር አይገባም። ቤት ውስጥ በራስ መሞከርም በማንኛውም ሁኔታ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፣ የአፍንጫ አለርጂ አለብኝ። ክሎርፌኒራሚን ስወጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ለመተንፈስ ዛይሎሜታዞሊን የተባለ ጠብታ ከጀመርኩ ወራት ሆኖኛል፤ አሁን ያለ እርሱ አፍንጫዬ አይከፈትም።

መልስ፦ ክሎርፌኒራሚንን ይተዉት፤ እንቅልፍ የማይሰማው ሰው እንኳ በመሪ ላይ ምላሽ የሚሰጥበት ፍጥነት ይቀንሳል። ሎራታዲንና ፌክሶፌናዲን የተሻሉ ናቸው። ሴቲሪዚንም ጥሩ ነው፣ ግን ጥቂት ሰዎችን ያስተኛል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሥራ በሌለበት ቀን ይሞክሩት። ፌክሶፌናዲንን በውኃ ይዋጡት፤ የፍራፍሬ ጭማቂ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል።

አፍንጫዎን የዘጋው አሁን ጠብታው ራሱ ነው። እንዲህ ያሉ ጠብታዎች ከ5 እስከ 7 ቀን ካለፉ የአፍንጫው ውስጥ ቆዳ መድኃኒቱ ሲጠፋ ይበልጥ ያብጣል፣ ሰውየውም ደግሞ ይጨምራል። እንደ ፍሉቲካዞን ያለ የስቴሮይድ ስፕሬይ ይጀምሩና ጠብታውን መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ፣ እርሱ ሲከፈት በሌላው ያቁሙ። ስፕሬዩ በቀናት ውስጥ እንጂ በደቂቃ አይሠራም። ጭንቅላትዎን ትንሽ ወደ ፊት ዝቅ አድርገው፣ ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኙ በግራ እጅ ይዘው ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያዙሩት፤ ወደ መካከለኛው ግድግዳ የሚረጭ ሰው አፍንጫው ይደማል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ወስጄ ከንፈሬ ቢያብጥ ሴቲሪዚን ይበቃኛል?

መልስ፦ ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ከሆነ ይረዳል፤ መድኃኒቱን አቁመው ለሐኪም ያሳውቁ። ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ከጠበበ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ሕይወት የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ የሚወጋውም በጭን ውጫዊ ጎን መካከል፣ በጡንቻ ውስጥ ነው። ክኒን ውጦ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል። ድንገተኛ እርዳታ እስኪደርስ ሰውየው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካስቸገረው ይቀመጥ፤ ተነሥቶ እንዲራመድ አይደረግ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ከተሻለውም በኋላ በሕክምና ተቋም ይቆይ፤ የወሰደው መድኃኒት ማሸጊያም አብሮት ይሂድ።