ለአንድ ሴሚስተር ቤልጅየም ስትሄጂ የትኛውን ኮርስ ትውሰጂ?

ከጅማ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምርት አያያዝ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ አንደኛ ዓመት። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ቤልጅየም እንድሄድ ተመርጫለሁ፤ ከመስከረም እስከ ጥር። ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪዎች ክፍት የሆኑ ኮርሶችን ዝርዝር ልኮልኛል። ብዛቱ ግራ አጋባኝ። ጓደኞቼ ቀላል ቀላሉን ወስደሽ አገር እይ ይሉኛል። እኔ ለሥራ ይጠቅሙኛል ብዬ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ኢንተርፕርነርሺፕ፣ ሊደርሺፕ፣ ቢግ ዳታና ፉድ ማይክሮባዮሎጂ መርጫለሁ። ሌላም ልጨምርበት? ስመለስ ይያዝልኛል? የቋንቋ ኮርስስ ልውሰድ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከዲፓርትመንት ተመርጦ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄሽንም በጊዜ ነው ያመጣሽው። ብዙዎች ይህን የሚጠይቁት ቪዛቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ሊስተካከል የሚችለው ጥቂት ነው።

ዋናውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጅማ ላይ የምታገኚውን ትምህርት ቤልጅየም ድረስ ሄደሽ አትውሰጂ። እዚያ ብቻ የምታገኚውን ውሰጂ። እሱንም ጅማ እንደሚቀበልሽ በፊርማ ሳታረጋግጪ አውሮፕላን አትሳፈሪ።

ከምርጫሽ ልጀምር። ፕሮጀክት ማኔጅመንትን፣ ኢንተርፕርነርሺፕንና ሊደርሺፕን ተያቸው የምልሽ መጥፎ ትምህርት ስለሆኑ አይደለም። እነዚህን ጅማም ሆነ አዲስ አበባ በአጭር ሥልጠና ታገኚያቸዋለሽ፤ በኢንተርኔትም በነፃ አሉ። ላብራቶሪ ግን በኢንተርኔት አይገኝም። እዚህ መሣሪያው ቢኖር እንኳ ኬሚካሉ ያልቃል፣ መለዋወጫ ይጠፋል፣ ተራ ይጠበቃል። ይህን ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሁሉም ነገር በሚሠራበት ላብራቶሪ አጠገብ የምትሆኚው ለአምስት ወር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለሊደርሺፕ ክፍል ብትሰጪው በጣም አዝናለሁ።

የቢግ ዳታው፣ ማለትም እጅግ ብዙ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን የሚያስተምረው ኮርስ፣ ችግር ሌላ ነው። የኮርሱን መግለጫ ክፈቺና ቅድመ ሁኔታ የሚለውን አንብቢ። እንዲህ ያለው ኮርስ ፕሮግራሚንግና ጠንከር ያለ ስታቲስቲክስ ቀድሞ የተማረ ሰው ይፈልጋል። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይህ ከሌለ አስተባባሪው ሊመልስሽ ይችላል። ሳያየው ቢያሳልፍሽ ደግሞ ይብሳል፤ ሴሚስተሩ ሌላው በሚያውቀው ነገር ላይ ስትሯሯጪ ያልቃል። ለአንቺ የሚሆነው የምግብ ወይም የግብርና ተማሪዎች የሚወስዱት የመረጃ ትንተና ኮርስ ነው። ዝርዝሩ ላይ ካለ ቢግ ዳታውን በእሱ ተኪው።

ታዲያ ምን ልትወስጂ? እኔ የምነሳው ከሥራው ነው። ስትመለሺ ሥራ ሊሰጡሽ የሚችሉት እነማን ናቸው? በጅማ ዙሪያ ትልቁ ሀብት ቡና ነው። ጎማ፣ ገራ፣ ሊሙ፣ ማና ሁሉ ቡና ነው። የገበሬ ዩኒየኖች አሉ፣ ላኪዎች አሉ፣ መልኮ ላይ የምርምር ማዕከሉ አለ፣ ራሱ ዩኒቨርሲቲሽ አለ። ከእነዚህ ውስጥ አውሮፓ የሚልክ ሁሉ ዛሬ ሁለት ራስ ምታት አለበት። ኮርሶችሽን በእነዚህ ዙሪያ ብትመርጪ ተፈላጊ ትሆኛለሽ ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አንደኛው ሻጋታ ነው። ቡና በደንብ ሳይደርቅ መጋዘን ሲገባ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል መርዝ የሚያመነጩ ሻጋታዎች ይበቅሉበታል። የአውሮፓ ኅብረት ለተቆላ ቡና የፈቀደው መጠን በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ወደ 3 አውርዶታል። ቡናው ከዚህ ቁጥር ማለፍ አለማለፉ የሚወሰነው ገራ ውስጥ ባለው ማድረቂያ አልጋና አጋሮ ባለው መጋዘን ነው፤ ያንቺ ሙያ ማለት ነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ውስጥ የምግብ ደኅንነትና የአደጋ ትንተና፣ የማይኮቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ምርመራ፣ የምግብ ኬሚስትሪ በመሣሪያ የሚሉ ኮርሶችን ፈልጊ። ኤችፒኤልሲ እና ጂሲ ኤምኤስ በሚባሉት የኬሚካል መለያና መለኪያ መሣሪያዎች ላይ በእጅሽ የምትሠሪበት ሰዓት መኖሩን አረጋግጪ። መግለጫው ላይ ስንት ሰዓት ሌክቸር፣ ስንት ሰዓት ላብራቶሪ እንደሆነ ይጻፋል። የሁለት ኮርስ ርዕስ እኩል ቢስብሽ የላብራቶሪ ሰዓቱ የበዛውን ውሰጂ። ፉድ ማይክሮባዮሎጂሽንም በዚሁ መለኪያ እይው፤ በዲግሪሽ የተማርሽውን የሚደግም ከሆነ ይቅር፣ የላብራቶሪ ሥራ ያለው ከሆነ ይቆይ።

ሁለተኛው ራስ ምታት የደን ሕጉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ አውሮፓ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ መጋጠሚያ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ድንበሩ በሙሉ፣ ከዚያ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ዝግጅቱ አልቆመም። አሁን የኛን አገር ቡና አስቢው። ከብዙ ትንንሽ ማሳ የተለቀመ እሸት አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ይቀላቀላል። የቱ ከማን እንደመጣ ለይቶ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ጂአይኤስ (የካርታ መረጃን በኮምፒውተር መያዝና መተንተን) ወይም የምርት ፍሰትን ተከታትሎ መመዝገብን የሚያስተምር ኮርስ ካገኘሽ አንዱን ያዢ። ለዚህኛው ከግብርናው ፋኩልቲ ውጭ መመልከት ሊኖርብሽ ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ክሬዲት ከተቀበለሽ ፋኩልቲ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ አንድ ኮርስ ከውጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ጠይቂ።

ቦታ ከተረፈሽ ደግሞ ስለ ጣዕም ምዘና የሚያስተምር ኮርስ ልብ በይ። ጅማ ጥሩ ቀማሾች አሉን። የቀማሾችን ውጤት በስታቲስቲክስ መተንተን የሚችል ባለሙያ ግን ጥቂት ነው።

ዝርዝሩ ላይ የምታዪው ሁሉ ላንቺ ክፍት ነው ብለሽ አታስቢ። መጀመሪያ የስንተኛ ዓመት ዝርዝር እንደሆነ እይ፤ ያለፈውን ዓመት መላክ የተለመደ ነው። ከዚያ ኮርሱ የሚሰጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር መሆኑን፣ በእንግሊዝኛ መሆኑንና የማስተርስ ደረጃ መሆኑን ተመልከቺ። የዲግሪ ደረጃ ኮርስ ይዘሽ ከመጣሽ ጅማ ለማስተርስ ላይቆጥርልሽ ይችላል። የላብራቶሪ ኮርሶች ቦታቸው ውስን ስለሆነ ቀድሞ የተመዘገበ ያገኛል። ሰዓት የሚጋጩም አይጠፉም። ስለዚህ ሁለት መጠባበቂያ ኮርስ ይዘሽ ሂጂ፤ እነሱንም ከወዲሁ ዲፓርትመንትሽ ይያቸው።

ሌላም ልጨምር ላልሽው፣ እባክሽ አትጨምሪ። አውሮፓ ሙሉ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። እዚያ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይሰላል፤ ንባቡ፣ ላብራቶሪውና ፈተናው ተደምሮ። 30 ክሬዲት ማለት እንግዲህ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ነው። ይህ በአምስት ወር ውስጥ እንደ ሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። ኮርስ ሲበዛ ላብራቶሪ ውስጥ ቆይተሽ ጥያቄ የምትጠይቂበት ጊዜ ያጥርሻል። የእኛ 3 ክሬዲት አወር ብዙ ጊዜ ወደ 5 የአውሮፓ ክሬዲት ይመነዘራል። ሁለቱን ስታወዳድሪ ይህ አይምታታብሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ፤ ስመለስ ይያዝልኛል ወይ? እዚህ ላይ ያልነገርሽኝ ግን ያስተዋልኩት ነገር አለ። አሁን አንደኛ ዓመት ነሽ፤ የምትሄጂው መስከረም ነው። ያኔ ሁለተኛ ዓመት ትሆኛለሽ። በእኛ ማስተርስ ደግሞ ኮርሱ በአብዛኛው አንደኛ ዓመት ያልቃል፤ ሁለተኛው ዓመት የቴሲስ ነው። ኮርሶችሽን ሁሉ ጨርሰሽ ከሄድሽ ከቤልጅየም የምታመጪው ክሬዲት ምኑን ይተካል? ምንም። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ቢጻፍ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ይረሳል። ቴሲስሽ ደግሞ አምስት ወር ወደኋላ ይቀራል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ጎበዝ ተማሪ ከውጭ ተመልሶ ጓደኞቹ ሲመረቁ እሱ ፕሮፖዛል ይጽፋል።

መፍትሔው አሁን፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ፣ ዲፓርትመንት መሄድ ነው። ኃላፊውን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ ያልወሰድሽው ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ወይም ሴሚናር ካለ በቤልጅየሙ ኮርስ እንዲተካልሽ። ሁለተኛ፣ የቴሲስሽ ከፊል የላብራቶሪ ሥራ እዚያ እንዲሠራ። የኢራስመስ ፕላስ የትምህርት ቆይታ የቴሲስ ሥራንም ይፈቅዳል። ስለዚህ እኔ የምመክርሽ ሦስት ወይም አራት ኮርስ፣ ቀሪው ጊዜ ደግሞ በአንድ ፕሮፌሰር ሥር ለቴሲስሽ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ፕሮፌሰሩን ከአሁኑ ፈልጊ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ፍላንደርስ ከሚባለው ደች ተናጋሪ የቤልጅየም ክፍል ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጋር ሰፊ ትብብር ነበረው። እዚያ ዶክትሬታቸውን የሠሩ መምህራን ግቢያችሁ ውስጥ አሉ። ከእነሱ አንዱ የሚጽፍልሽ የመተዋወቂያ ኢሜይል አንቺ ብቻሽን ከምትልኪው ይበልጥ ይነበባል። እርሻ ኮሌጅ ቢሮአቸው ድረስ ሄደሽ አናግሪያቸው፤ በስልክ አይሆንም።

የተስማማችሁበት ሁሉ የሚጻፈው ሌርኒንግ አግሪመንት በሚባለው ሰነድ ላይ ነው። ሦስት ወገን ይፈርምበታል፤ አንቺ፣ ጅማ፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የውጭውን ኮርስ ብቻ ሞልቶ የጅማውን ሠንጠረዥ ባዶ ይተዋል። እያንዳንዱ የቤልጅየም ኮርስ ጅማ ላይ የትኛውን እንደሚተካ በኮዱ ይጻፍ። ዲፓርትመንቱ ከፈረመ በኋላ ኮፒውን ለሬጅስትራር ስጪና የተቀበሉበትን ማስረጃ ያዢ። ኃላፊ ይቀየራል፤ ወረቀት ግን ይቆያል። ደርሰሽ ኮርስ ብትቀይሪም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡን በዚያው ሰነድ አስፈርሚ። «ነግሬያቸው ነበር» አይሠራም።

የግሬዱን ነገርም እዚያው ጨርሺው። ፍላንደርስ ውስጥ ውጤት ከ20 ነው፤ ማለፊያው 10 ነው። እዚያ 14 ጥሩ ውጤት ነው፣ 16 ደግሞ ብዙዎች የማያገኙት። አንድ ሰው 14ን በቀጥታ ወደ መቶኛ ቢቀይረው 70 ይሆናል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ቢ ሆኖ ይቀመጥብሻል። ጀርመን ሄደሽ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠማዘዝ ነበር፤ እዚያ ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት 1 ነው። ስለዚህ ወይ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ በጽሑፍ ይስማሙ፣ ወይ ኮርሱ አለፈች ተብሎ ብቻ ይመዝገብ፤ ሲጂፒኤሽ (አጠቃላይ አማካይ ውጤትሽ) ውስጥ አይግባ። ሁለተኛው ለአንቺ የተሻለ ይመስለኛል።

ጓደኞችሽ ቀላሉን ውሰጂ ማለታቸውን ልመልስ። አንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው፤ መውደቅ እዚያ ውድ ነው። ቤልጅየም የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ጥር ላይ ነው፤ ድጋሚው ግን ነሐሴና መስከረም አካባቢ ነው። ያኔ አንቺ ጅማ ነሽ። ስለዚህ የምትመርጪው ኮርስ ከባድ ይሁን፣ ግን መሠረቱ ያለሽ ይሁን። ፈተናው የቃል መሆን አለመሆኑንም እይ። እዚያ የቃል ፈተና የተለመደ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ፊት ተቀምጦ ማስረዳት ልምምድ ይፈልጋል። ከአሁኑ ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር በእንግሊዝኛ እየተጠያየቃችሁ ተለማመዱ።

ለቴሲስሽ ናሙና ከያዝሽ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥሬ ቡና ሻንጣ ውስጥ ከትተሽ እንዳትሄጂ። ጥሬ ቡና ዘር ነው። የአገር የዘረመል ሀብት ለምርምር ወደ ውጭ ሲወጣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያም የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት አለ። ይህ ጊዜ ይወስዳልና አማካሪሽን ይዘሽ ከአሁኑ ጀምሪ።

የደች ቋንቋ ኮርሱን ውሰጂው። ከ30ው ክሬዲት ውጭ ይሁን፣ ጅማ እንዲቆጥርልሽም አትጠብቂ። ላብራቶሪ ውስጥ አብራሽ የምትሠራው ቴክኒሻን የምትቀልደው በደች ነው፤ ጥቂት ቃል ካወቅሽ ብዙ ታሳይሻለች። የኮርሱን ምዝገባ ግን ከመሄድሽ በፊት ጨርሺ፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል።