የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ኮብልስቶን ላይ የሚያንኳኳ የኤሌክትሪክ መኪና

ጥያቄ፦ በ2022 የተሠራ፣ ከቻይና የመጣ ፎልክስዋገን አይዲ 4 አለኝ። ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ሰፈሬ የኮብልስቶን መንገድ ስገባ ከፊት በስተቀኝ በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ግን ምንም የለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እግሬን ከመንጃ ፔዳሉ ላይ ሳነሣ ከኋላ አንድ ጊዜ ጓ ይላል። ጋራዥ ወስጄው ሁለቱም የፊት ሾክ አብዞርበሮች መቀየር አለባቸው ተብያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከሰሚት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ የገለጹልን ሁለት የተለያዩ ድምፆች ስለሆኑ በአንድ ጥገና ሁለቱም ይጠፋሉ ብለው አይጠብቁ። ሾክ አብዞርበሮቹ ዘይት ካላፈሰሱና መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የማይናጥ ከሆነ እንዲቀየሩ ለመስማማት አይቸኩሉ። በነዳጅ መኪና የሞተሩ ድምፅ የሚውጠው ትንሽ ኳኳታ እዚህ ጎልቶ ስለሚሰማ፣ የድምፁ ከፍታ የብልሽቱን ክብደት አይናገርም። ይሁንና ትልቁ ባትሪ የተገጠመለት አይዲ 4 ክብደቱ ከ2,000 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ፣ በቡሾቹ (በብረት ክፍሎች መካከል በሚገቡት የጎማ ትራሶች) እና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ቀላል አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃ መጫኛውን ባዶ ያድርጉት፤ የቻርጅ ገመዱንም ጭምር ያውጡ። ከመኪናው ሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ማያያዣው ወልቆ ከሆነም እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ስለሚርገበገብ፣ ብዙ ጊዜ ሶስፔንሽኑ (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ይታማበታል።

የፊተኛውን ድምፅ በተመለከተ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የስታቢላይዘር ሊንኩ፣ ማለትም መኪናው እንዳያዘነብል የሚረዳውን ስታቢላይዘር ባር የተባለ ዘንግ ከጎማው በኩል ካለው ክፍል ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ ነው። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ መለየት ይቻላል፦ አንድን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መጀመሪያ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡበት አድርገው በዝግታ ይለፉት፤ ቀጥሎ መኪናውን አጣምመው አንዱ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ ያድርጉ። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡ ስታቢላይዘር ባሩ ስለማይጠመዘዝ ሊንኩ ዝም ይላል፤ በሁለተኛው አነዳድ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መካኒኩ ሲመረምረው ግን መኪናውን በአንድ በኩል ብቻ በክሪክ ማንሣት የለበትም፤ ባሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ልቅነቱ ይደበቃልና። ሁለቱን ሊንኮች ፈትቶ በግቢ ውስጥ በዝግታ መንዳትም ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ድምፁ ከጠፋ በጥንድ ይቀየሩ፤ ዋጋቸው ከሾክ አብዞርበር ጋር አይወዳደርም። ድምፁ መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚሰማ ከሆነ ግን የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ማቀፊያ ኩሽኔታ ይፈተሽ። የቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ) ልቅነት ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የመሪ ደኅንነት ስለሚሆን፣ ሳይጠገን መንዳት አይገባም።

የኋላው ድምፅ ከኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ ሞተሩ ጎማዎቹን ወደፊት ይገፋል፤ እግርዎን ሲያነሡ ይኸው ሞተር ኃይል መልሶ ወደ ባትሪ እየላከ ጎማዎቹን ወደኋላ ይይዛል። ስለዚህ የኋላ ቡሾች በየጊዜው ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ይገፋሉ፤ ላላ ያለ ቡሽም ጓ ይላል። በማርሽ መምረጫው ዲ (D) እና ቢ (B) አነዳድ እያፈራረቁ ይሞክሩት፤ ኃይል የመመለሱ ሥራ በቢ ስለሚጠነክር፣ ድምፁ በቢ ከበረታ ቡሾቹና የሞተሩ ማቀፊያ ይመርመሩ። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀይሩ ከጎማው መሐል ቀጭን ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ምክንያቱ የጎማው አክስል ከማዕከሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ መድረቁ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ጸድቶ ተቀብቶ በአዲስ ማሰሪያ ይታሰራል።

ቡሽ የሚቀየር ከሆነ ስለ አጠባበቁ አጥብቀው እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ ከጥገና በኋላ ድምፁ ቶሎ ተመልሶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነውና። የቡሹ ጎማ ከውስጥና ከውጭ ካለው ብረት ጋር የተጣበቀ በመሆኑ አይንሸራተትም፤ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። መኪናው በሊፍት ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ የቡሹ ጎማ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ቆሞ እንኳ ስለማያርፍ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ማጥበቅ የመኪናው ክብደት ጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ መሆን አለበት። ክሪኩ ለዚሁ በተመደበው ቦታ እንጂ ባትሪው ሥር አይግባ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ገመዶችም ያልሠለጠነ ሰው አይንካ። የጎማ አላይመንትም በመጨረሻ ይለካ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቡሾቹን የሞተር ዘይት ስቀባቸው ለሳምንት ያህል ዝም ይልና ይመለሳል። ልቀጥል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቀጥሉ። የሞተር ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። አንዱን ቡሽ ብቻ በውኃ ያርጥቡና መኪናውን ይወዝውዙት፤ ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛውን አግኝተዋል። ጎማው ካልተሰነጠቀ ለጎማ የሚስማማ የሲሊኮን ቅባት ይበቃዋል፤ ከተሰነጠቀ ግን ይቀየር።